የእማማ ማርታ ጽሞና

መጽሐፍ ከመግዛቴ በፊት የመጨረሻውን ገጽ የማነብ ሰው ነበርኩ። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ "ታዲያ ምኑን አነበብሽው?" ያላለኝ ጓደኛ የለም። እኔ ግን መልስ ነበረኝ። ሰው የተጠራው ለሠርግ ይሁን ለለቅሶ ሳያውቅ ልብስ ይለብሳል? መጨረሻው ደስ ካለኝ መጽሐፉን ገዝቼ ተረጋግቼ አነበዋለሁ፤ ካስከፋኝ እመልሰዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሻጩ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ይሉኝታ ይይዘኝና እገዛዋለሁ፤ ከዚያ ሳላነበው ካርቶን ውስጥ እቀብረዋለሁ። እንዲህ የተቀበሩ ብዙ ነበሩኝ።

ከዚህ ጠባይ የገላገለችኝ አንዲት ሐሙስ ናት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ዳንኤልን አግብቼ ከአርባ ምንጭ ወደ ሐዋሳ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ፤ ዛሬም ነኝ። ዳንኤል መሃል ከተማ ስልክ ይጠግናል። የምንኖረው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከእናቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እናቱ እማማ ማርታ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ የሰፈራችንን ግማሽ በእጃቸው ተቀብለዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጢም ያወጣው ጎረምሳ ሳይቀር መንገድ ላይ ሲያገኛቸው አንገቱን ይደፋል፤ እንዴት እያለቀሰ እንደተወለደ ያውቃሉና። በቤተ ክርስቲያናቸው የሴቶች ኅብረት ውስጥም ቃላቸው የሚሰማ ሴት ናቸው።

እኔን ይወዱኛል። ይህን ያኔም ተጠራጥሬ አላውቅም። ሲያመኝ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሾርባ በማንኪያ ያጠጡኝ ነበር። የማይወዱት መጽሐፎቼን ነው።

እውነት ለመናገር መጽሐፎቼም ራሳቸውን አላስወደዱም። ካርቶኖቹ ሳሎን ከሶፋው ጀርባ ተደርድረው መተላለፊያ ይዘጋሉ። እኔ ደግሞ ማንበብ ከጀመርኩ ጆሮዬ አይሰራም። አንድ ቀን እማማ ማርታ "ወጡን እያማሰልሽ ጠብቂልኝ" ብለውኝ ጎረቤት ደረስ ሊሉ ሄዱ። እኔ በአንድ እጄ ማማሰያ በሌላው ልቦለድ ይዤ ምድጃው አጠገብ ቆምኩ። ማማሰያውን መቼ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም። ሲመለሱ ድስቱ ከሰል ሆኗል፤ ኩሽናው በጭስ ታፍኗል፤ እኔ እዚያው ጭሱ ውስጥ ቆሜ ገጽ እገልጣለሁ። በር ላይ ቆመው ድስቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ መጽሐፉን አዩት። መጽሐፉን ያዩበት ዓይን ጥሩ አልነበረም።

"ምሕረት፣ ልጄ" አሉኝ ከእራት በኋላ፣ "እነዚህ ልቦለዶች ከቤቴ ይውጡልኝ። ባለትዳር ነሽ። የሌለ ሰው ታሪክ ለምን ዕድሜሽን ይበላል?"

"የት ላድርጋቸው፣ እማዬ?"

"ቅዳሜ ቆራሌው ሲመጣ ይውሰዳቸው። ወረቀት ይገዛል።"

ቆራሌው ወረቀት ሰብስቦ ለማን እንደሚሸጥ ሐዋሳ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐይቁ ዳር እየተናፈሳችሁ ለውዝ ስትገዙ፣ ጥቅሉን ፈታ አድርጋችሁ የአንድ ልቦለድ ግማሽ ገጽ አንብባችሁ አታውቁም? እኔ አንብቤአለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ በአንድ የሰበሰብኳቸው፣ የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ የት እንደገዛኋቸው የጻፍኩባቸው፣ የአውቶቡስ ትኬት እንደ ዕልባት የቀረባቸው መጽሐፎቼ ለውዝ ሊጠቀለልባቸው ነው። አለቀስኩ። ዳንኤልን "አንድ ነገር በልልኝ እንጂ!" አልኩት። "ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው፤ እኔ ሣሩ ነኝ" ብሎ የፈታው ስልክ ላይ አቀረቀረ።

እዚህ ላይ ስለ እማማ ማርታ ጽሞና መናገር አለብኝ። በየቀኑ ምሳ ከተበላ በኋላ ጥቁር ባለዚፕ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይይዙና መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ይዘጋሉ። በዚያ ሰዓት ዳንኤል ቤት ከዋለ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። "እማዬ ጽሞና ላይ ናት።" ቴሌቪዥኑ ይቀነሳል፣ ስኒ እንኳ ቀስ ተብሎ ይታጠባል። ቤተ ክርስቲያን የሚይዙት ሌላ ነው፤ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ ቡናማ። ጥቁሩ የጽሞና ነው። ለሠርጌም ልክ እንደሱ ያለ ጥቁር ባለዚፕ ሰጥተውኛል፤ "ሁለት ገዝቼ ነበር፣ አንዱ ያንቺ ነው" ብለው። የሁለታችንን የሚለየው የሳቸው ዚፕ ላይ የታሰረች ቀይ ክር ብቻ ናት።

አንዳንድ ቀን ከተዘጋው በር ጀርባ ሳቅ ይሰማል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሲናፈጡ። "ጌታ ልቧን ሲነካው ነው" ይለኛል ዳንኤል። የኔ ጸሎት ከአምስት ደቂቃ በላይ ዘልቆ አያውቅምና ምናለ እንደሳቸው በሆንኩ እል ነበር።

ለቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ፣ የሴቶች ጸሎት በእትዬ ታደለች ቤት ተያዘ። እትዬ ታደለች የኅብረቱ መሪ ናቸው፤ ቤታቸው ከኛ ሦስት በር ዝቅ ብሎ ነው። እማማ ማርታ "ዛሬ አንቺም እንዳትቀሪ" ብለውኝ ስለነበር አለቃዬን ለምኜ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ከሐይቅ ዳር የተሳፈርኩበት ባጃጅ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘው። ቤት ስደርስ ማንም የለም፤ እማማ ማርታ ቡናማቸውን ይዘው ሄደዋል። ሶፋው እጀታ ላይ አንድ ጥቁር ባለዚፕ አየሁ። አጠገቡ መነጽር ተቀምጧል። የኔ መጽሐፍ ቅዱስ አልጋዬ ራስጌ እንደነበረ ትዝ አላለኝም። ብድግ አድርጌ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩና በዝናቡ ሮጥኩ።

ሴቶቹ ሳሎኑን ዙሪያውን ሞልተው ተቀምጠዋል። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። እትዬ በላይነሽ ደግ ሴት ናቸው፤ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ማወቅ አለባቸው እንጂ ሌላ ክፋት የለባቸውም። "መጽሐፍ ቅዱሴን እቤት ረስቼ መጣሁ፤ ካንቺ ጋር እከተላለሁ" አሉኝ በሹክሹክታ። እማማ ማርታ ፊት ለፊታችን ተቀምጠዋል። ሳቅ ብለው በዓይናቸው ሰላም አሉኝ።

እትዬ ታደለች ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ እህቶቼ፣ ዛሬ በተለይ የምንጸልየው ለምሕረት ነው። ጌታ ይመስገን፣ ዓለማዊ መጽሐፎቿን ሁሉ ቅዳሜ ከቤት ልታስወጣ ወስናለች።"

"አሜን! አሜን!" አለ ቤቱ።

ወስናለች የተባለችው እኔ ነኝ። ጆሮዬ ጋለ። እማማ ማርታን አየኋቸው፤ እሳቸው እጃቸውን ያዩ ነበር።

"ማርታ ምስክርነት ትሰጠናለች" ቀጠሉ እትዬ ታደለች። "መጀመሪያ ግን ራሷ ምሕረት ከቃሉ ታንብብልን።" ምዕራፉንና ቁጥሩን ነገሩኝ።

ዚፑን ያዝኩ። ጣቴ የነካው ክር ነው። ወደ ታች ሳይ ቀይ ነው። 'ውይ፣ የእማዬን ይዤ መጥቻለሁ' ብዬ ይቅርታ በሚመስል ፈገግታ ቀና ስል እማማ ማርታ ፊታቸው አመድ መስሏል። አንድ እጃቸው አየር ላይ ቀርቷል። ምን አስደነገጣቸው ብዬ ግራ ገባኝ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ያው መጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ ብይዘውስ ምን አለበት? ዚፑን ጎተትኩት።

ውስጡ መጽሐፍ ቅዱስ አልነበረም።

ቢጫ የሆነ፣ ሽፋኑ የወለቀ፣ በስተመጨረሻው ጠርዙ የከሰለ አሮጌ መጽሐፍ ነው። ምዕራፍና ቁጥር የለውም። ዓይኔ ያረፈበት መስመር ላይ አንዲት ትርሲት የምትባል ልጅ ጓሮ ቆማ ፀጉሯን እያደረቀች በአጥር ቀዳዳ የምታየው ሰው አለ። ልቦለድ ነው። የፍቅር ልቦለድ!

ያን ሳቅ አስታወስኩ። ያን ማልቀስ አስታወስኩ። ያ ሁሉ ቀስ ተብሎ የታጠበ ስኒ!

አልዋሻችሁም፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የኔ ጉድ እጄ ላይ ነበር። አንድ ቃል ሳልናገር መጽሐፉን ገልብጬ ባሳይ መጽሐፎቼ ይተርፉ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ልቦለድ አፋቸውን የሚከፍቱብኝ አይመስለኝም። ግን ቀና ብዬ አየኋቸው። የሰፈሩን ግማሽ የተቀበሉት እጆች ጉልበታቸው ላይ ተቆላልፈዋል። ዓይናቸው አልጋ ሥር የደበቀችውን እናቷ ያወጣችባት ልጃገረድ ዓይን ነበር። ሾርባው ትዝ አለኝ። ምን ያህል እንደምወዳቸው የገባኝ እዚያች ላይ ነው።

"ወዴት ነው? አሳይኝ እስኪ" እትዬ በላይነሽ አንገታቸውን አሰገጉ።

መጽሐፉን ደረቴ ላይ ለጠፍኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ልጅ ሳለሁ አርባ ምንጭ ሰንበት ትምህርት ቤት በቃሌ ያጠናሁትን መዝሙር ጀመርኩ። እትዬ ታደለች ያዘዙኝ ሌላ ነው፤ እኔ ያለኝ ግን ያ ብቻ ነበር። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ እነሱ ከመነካት መሰላቸው።

"እኔ እኮ ያልኩሽ..." ብለው ጀመሩ እትዬ ታደለች።

"ተያት" አሉ እማማ ማርታ በቀጭን ድምፅ። "ልቧ የመራትን ታንብብ።"

"ኧረ ጉድ ነው! በቃሏ እኮ ነው ያለችው!" አሉ እትዬ በላይነሽ እጃቸውን እያጨበጨቡ። "ዓይኗን አልገለጠችም! ማርታ፣ ይህችን የመሰለች ምራት እያለችሽ ነው ለመጽሐፎቿ የምናለቅሰው?"

ሴቶቹ ጌታን አመሰገኑ። እኔ ዚፑን እየዘጋሁ በላብ ተጠመቅኩ። አለፈ ብዬ ስተነፍስ እትዬ ታደለች "በይ እንግዲህ ማርታ፣ ምስክርነትሽን" አሉ።

እማማ ማርታ ተነሱ። ቀሚሳቸውን አስተካከሉ። የሚሉትን አውቃለሁ፤ ምራቴ ከልቦለድ ተፈትታለች ይላሉ፣ አሜን ይባላል፣ ቅዳሜ ቆራሌው ይመጣል። አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። በሲዳምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ።

"ምሕረት የያዘችው የኔ ነው" አሉ መጨረሻ ላይ።

"መጽሐፍ ቅዱስሽን ነው?"

"መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም።"

መጥተው ከእጄ ወሰዱት። ዚፑን ራሳቸው ከፈቱና አሮጌውን መጽሐፍ አውጥተው ሁሉም እንዲያዩት ከፍ አድርገው ያዙት።

"ገና አዲስ አማኝ ሳለሁ ነው፤ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ቢሆነኝ ነው" አሉ። "የእኛ ወጣቶች ዘፈን ያለበት ካሴትና ልቦለድ እያመጡ ግቢ መሃል እሳት ውስጥ ይጥሉ ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ እኔም ያለኝን ይዤ ሄድኩ። ሁሉንም ጣልኩ። ይህችን ግን ሳልጨርሳት ነበር። ሦስት ቅጠል፣ አራት ቅጠል ቀርቷት። ስትቃጠል ቆሜ አየኋት። ከዚያ እጄን ሰድጄ አወጣኋት።"

የቀኝ እጃቸውን አንጓ አሳዩ። ያን ጠባሳ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስንጠይቃቸው "ድስት ነው" ይሉን ነበር።

"ጌታን ከያዝኩ ወዲህ አልተውኩትም። ትርሲትንም አልተውኳትም" አሉ። "እየደጋገምኩ አነባታለሁ። በሬን ዘግቼ።"

እትዬ ታደለች "ታዲያ የዚችን ልጅ መጽሐፍ ለምን ከቤት ይውጣ አልሽ?" አሉ።

እማማ ማርታ ወደኔ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ለኔ ነው የተናገሩት።

"ስለቀናሁብሽ ነው፣ ልጄ። እኔ በር ዘግቼ የማነበውን አንቺ ሳሎን ቁጭ ብለሽ ታነቢዋለሽ። ድስት እስኪያርር! እኔ በሕይወቴ አንድ ቀን ድስት እስኪያርር አንብቤ አላውቅም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው።

"እና ልጅቷ ምን ሆነች?"

"የትኛዋ ልጅ?"

"ትርሲት ነቻ!"

መጀመሪያ አንዷ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም። እትዬ በላይነሽ ግን አልሳቁም፣ የምራቸውን ነው። "ንገሪና! አገኘችው?"

"አላውቅም" አሉ እማማ ማርታ፣ እሳቸውም እየሳቁ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "መጨረሻውን እሳቱ በልቶታል። ሹፌሩ ከጭነት መኪናው ላይ ሆኖ እጁን ዘርግቶላታል። እሷ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ አድርጋለች። ዞር ብላ የእናቷን ቤት ስታይ... እዚያ ላይ ያበቃል።"

ትርሲት። የጭነት መኪና። ሹፌር።

ልቤ ዘለለ። ያን መጽሐፍ አውቀዋለሁ! አርባ ምንጭ መናኸሪያ አጠገብ ከአንድ አዟሪ ይሉኝታ ይዞኝ የገዛሁት ነው። የመጨረሻውን ገጽ አንብቤ አስከፍቶኝ፣ አንድም ሌላ ገጽ ሳልገልጥ የቀበርኩት። ካርቶን ውስጥ፣ ለቆራሌው ከተዘጋጁት መሃል ነው ያለው። እዚያ ሰው መሃል ግን ትንፍሽ አላልኩም። ዝም አይነቅዝም።

እትዬ ታደለች "እንጸልይ" አሉ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። ስለ ማርታ ጸለዩ፣ ስለ ቤታችን ጸለዩ፣ መጨረሻ ላይ "ለምሕረትም ድስቷን ጠብቅላት" ብለው አሜን አሉ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ አባርቷል። እማማ ማርታ ክንዴን ይዘው ጭቃውን እየመረጡ ይራመዳሉ።

"ለምን አላጋለጥሽኝም?" አሉኝ።

"እርስዎስ ለምን ተናገሩ? እኔ ሸፍኜው ነበር እኮ።"

"ለዚያ ነው እንጂ። አንቺ እኔን ሸፍነሽ፣ እኔ ደግሞ ባንቺ ላይ ልመስክር? አፌ እምቢ አለኝ።"

ትንሽ ሄድን።

"እማዬ፣ ትርሲት ቤት አለች" አልኩ። "ሙሉዋ። መጨረሻው ያላት።"

መንገዱ መሃል ቀጥ አሉ። ከኋላችን የመጣ ባጃጅ ጡሩንባውን ነፋ፤ አልሰሙትም።

"የት?"

"ካርቶን ውስጥ።"

"አንብበሻታል?"

"መጨረሻውን ብቻ።"

እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም መሰለኝ፣ ትክ ብለው አዩኝ። "መጨረሻውን ብቻ?" አሉ ደግመው። ልነግራቸው አፌን ስከፍት መዳፋቸውን አፌ ላይ አደረጉ። "አትንገሪኝ!" አሉ። እሳቸው መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ይዘው አርጅተዋል፤ እኔ ከመጨረሻው በቀር ምኑንም አላነበብኩትም። ሁለታችን ተደምረን አንድ አንባቢ አንወጣም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ካርቶኖቹን ፈታናቸው። የትርሲትን መጽሐፍ ወዲያው የሚጠይቁኝ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን "እሷ ትቆይ፣ መጀመሪያ ሌሎቹን እንይ" አሉ። የፈሩ ይመስላሉ። አንድ በአንድ እያነሱ ይመርጡልኝ ጀመር። አመራረጣቸው አስገረመኝ። የጀርባውን ጽሑፍ አያዩም፣ መጀመሪያውንም አያዩም። መሃሉን ገልጠው ቆመው ያነባሉ። እግራቸው ካመማቸው መጽሐፉን ወደ አንድ ጎን ያደርጉታል። ቆመው መሆናቸውን ከረሱ ወደ ሌላው ጎን።

"አዋላጅ ነኝ፤ ቆሜ ነው የኖርኩት" አሉኝ። "እግሬን የሚያስረሳኝ ነገር ብዙ አይደለም።"

ሲታዘዝ የቆየው ዳንኤል "ይሄ ወፍራሙስ?" ብሎ ሲያነሳ "አስቀምጠው፣ ለመደርደሪያ የሚገዛ ነው፤ ማንም ሁለቴ አያነበውም" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም የገዛሁት ሽፋኑን ወድጄ ነበር። አንዷን ቀጭን መጽሐፍ ይዘው ግን መስኮቱ ጋ ሄደው ቀሩ። ኩሽና የጣዱት ሽሮ ገነፈለ። ዳንኤል ሮጦ አወጣው። "እማዬ!" ሲላቸው ቀና አሉና ሽታው ሲደርሳቸው ፊታቸው በራ። "አረረ?" አሉ፤ ምርቃት የሰሙ ይመስሉ ነበር።

ከውጭ "ቆራሌው!" የሚል ድምፅ መጣ። ሦስታችንም ተያየን።

"ዛሬ የለንም በለው" አሉ እማማ ማርታ። እግር ያላስረሱት በኋላ መሃል ከተማ ዛፍ ሥር አሮጌ መጽሐፍ ለሚሸጠው ሰው ሄዱ፤ ለውዝ የተጠቀለለበት የለም።

ከሰዓት በኋላ፣ በጽሞናቸው ሰዓት፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በሩ ክፍት ነበር። መጽሐፉን አወጣሁ። እሳቸው የተቃጠለችውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የትርሲት እግር መርገጫው ላይ ካለበት ቦታ ጣቴን አስያዙኝ።

"አንብቢ" አሉኝ።

አነበብኩ። ትርሲት ዞር ብላ የእናቷን ቤት አየች። ከዚያ ተሳፈረች። እማማ ማርታ ትንፋሻቸውን ያዙ። መኪናው ሄደ፤ አንድ ገጽ ሙሉ ሹፌሩ ይዘፍናል፣ እሷ ትስቃለች። ከዚያ ቁልቁለት፣ ከዚያ ጉም፣ ከዚያ ፍሬን እምቢ አለ። ሹፌሩ ዘሎ ወረደ። ትርሲት አልወረደችም። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ እረኛ ገደሉ ውስጥ ነጠላዋን ያገኛል።

መጽሐፉን ዘጋሁት። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ይህን ነው፤ ያቀረብኩላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ምነው ካርቶን ውስጥ በተውኩት ብዬ ተጸጸትኩ።

"ገደላት?" አሉ።

"አዎ፣ እማዬ።"

"እሷን ገድሎ ሹፌሩን አዳነው?"

"አዎ።"

የከሰለውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ የእጃቸውን አንጓ ዳሰሱ።

"እሳቱስ ደግ አደረገ" አሉ።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቁ፤ ያን በር ዘግተው የሚስቁትን ሳቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይኔ አየሁት። "የኔ ይሻላል" አሉ። "የኔ መጨረሻ በጣም ይሻላል። ይሄኛውን ለበላይነሽ ስጫት፤ ከሐሙስ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።"

"የእርስዎ መጨረሻ ምንድን ነው?"

አሮጌውን መጽሐፍ ወደ ጥቁሩ መያዣ መለሱ። ዚፑን ዘጉ። ከዚያ ቀይ ክሩን አስተካክለው እኔ ጭን ላይ አስቀመጡት። ከዳንኤል በቀር ለማንም አልሰጡትም ልል ነበር፤ ለዳንኤልም ሰጥተውት አያውቁም።

"ከመጀመሪያው ጀምሪ" አሉኝ። "እዚያ መርገጫው ላይ ስትደርሺ የራስሽን ታገኚያለሽ። ያኔ እናስተያያለን።"

ይኸው እንግዲህ። ዛሬ ከሶፋው ጀርባ ዳንኤል ያሠራው መደርደሪያ አለ። ብዙ መጽሐፍ የለበትም፤ ያሉት ሁሉ ግን ሁለቴ፣ ሦስቴ የተነበቡ ናቸው። ከምሳ በኋላ ሰው ሲደውል ዳንኤል "እናቴና ሚስቴ ጽሞና ላይ ናቸው" ይላል። ቤታችን ውስጥ ድስት በወር አንዴ ያርራል፤ ማን እንዳሳረረው አይጠየቅም። የሐሙስ ጸሎትም ቀጥሏል፤ ከጸሎቱ በኋላ እትዬ ታደለች ሰው ሳያያቸው ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብለው "እስኪ አንድ ጥሩ አውሺኝ" ያሉኝን ቀን አልረሳውም።

መጽሐፍ ስገዛም መሃሉን ገልጬ ቆሜ አነባለሁ። እናንተም ሞክሩት። ሻጩ ቢያያችሁም አትፈሩ፤ እግራችሁን ጠይቁት። መደርደሪያችሁ ላይ ካሉት ደግሞ ቤት ቢቃጠል እጃችሁን ሰዳችሁ የምታወጡት የትኛውን እንደሆነ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አስቡ። ሌላውን ብታውሱትም፣ ብትሰጡትም አይቆጭም። እሱን ግን ሽፋን አልብሱት።

እኔ ያችን የተቃጠለች መጽሐፍ ጨረስኳት። መርገጫው ላይ ስደርስ አለቀስኩ፣ የራሴንም መጨረሻ አገኘሁ። ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙኝና "ያንቺም ክፉ አይደለም" አሉ። ከዚያ የሳቸውን ነገሩኝ። እሱን ግን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የመጨረሻውን ገጽ ቀድሞ ማንበብ ትቻለሁ፣ ለሰውም አላነብም።